የፑንጃቢና የኡርዱ ተርጓሚዎችን መፈለግ በብሪታንያ

እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግሊዝና በዌልስ በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ፑንጃቢን ዋና ቋንቋችን ነው ያሉት 291 ሺህ ገደማ፣ ኡርዱን የጠቀሱት ደግሞ 270 ሺህ ገደማ ሰዎች ነበሩ። በዚህም ምክንያት ከእነዚህ ቋንቋዎች ወደ እንግሊዝኛና ከእንግሊዝኛ ወደ እነርሱ የሚመልሱ ባለሙያዎች በሆስፒታል፣ በፍርድ ቤትና በኢሚግሬሽን ጉዳዮች ዘወትር ይፈለጋሉ፤ ብዙዎቹም በቋሚነት ያልተቀጠሩ፣ በግላቸው የሚሠሩ ፍሪላንሶች ናቸው።

ፍለጋው ከዋጋ በፊት ከፊደል መጀመር አለበት። በህንድ ፑንጃብ፣ እንዲሁም በብሪታንያና በካናዳ በሚኖሩ ሲኮች (የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች) ዘንድ ፑንጃቢ የሚጻፈው ከግራ ወደ ቀኝ በሚሄደው ጉርሙኪ ሲሆን፣ ይህን ፊደል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መልክ ያስያዙት ሁለተኛው የሲኮች መሪ ጉሩ አንጋድ ናቸው። በ1947 ፑንጃብ ለሁለት ሲከፈል ለፓኪስታን በደረሰው ክፍል ግን ያው ቋንቋ የሚጻፈው ከቀኝ ወደ ግራ በሚሄደው፣ የኡርዱ ፊደል ዘመድ በሆነው ሻህሙኪ ነው። በዚያ ትምህርት በዋናነት በኡርዱና በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ በቤቱ ፑንጃቢ የሚናገር ሰው እንኳ ማንበብና መጻፍ የለመደው በአብዛኛው በኡርዱ ነው። ስለዚህ በፓኪስታን ፑንጃብ ካለችው ከላሆር ከተማ ለመጡ ቤተሰቦች የታሰበ የጤና በራሪ ወረቀት በጉርሙኪ ቢታተም ገንዘቡ ባክኖ መልእክቱ ሳይደርስ ይቀራል፤ ይህም በሕክምና ጉዳይ ቀላል ጥፋት አይደለም። ተርጓሚውን ከማነጋገር አስቀድሞ አንባቢው ከየት እንደመጣና በምን ፊደል እንደሚያነብ መለየት የአሠሪው ግዴታ ነው።

ባለሙያዎቹ በ1910 የተመሠረተው የቋንቋ ባለሙያዎች ቻርተርድ ተቋምና በ1986 የተቋቋመው የትርጉምና የአስተርጓሚነት ተቋም በሚያወጧቸው የአባላት ዝርዝሮች ይገኛሉ። በቃል ለሚያስተረጉሙ ደግሞ በ1994 የተጀመረው የሕዝብ አገልግሎት አስተርጓሚዎች ብሔራዊ መዝገብ አለ። እንደ ፕሮዝ ያሉ የኢንተርኔት ገበያዎች ምርጫው ሰፊ ነው፤ ሆኖም የሠራተኛውን ችሎታ የማጣራቱ ሸክም በፈላጊው ላይ ይወድቃል። ለዚህ መለኪያ የሚሆነው አይኤስኦ 17100 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ሲሆን፣ ትርጉሙ ከተርጓሚው ሌላ በሆነ ሁለተኛ ሰው ከዋናው ጽሑፍ ጋር ተነጻጽሮ እንዲታረም ያስገድዳል።

ሥራው የሚረከብበት የፋይል ዓይነትም አስቀድሞ በስምምነቱ ሊጻፍ ይገባል። የኡርዱ ጋዜጦችና ማተሚያ ቤቶች ለዓመታት የተጠቀሙባቸው፣ ኢንፔጅ የተባለው ሶፍትዌር የቆዩ እትሞች፣ እንዲሁም የቆዩ የጉርሙኪ ፎንቶች፣ ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደል የሚለዩበትን ዩኒኮድ የተባለ የጋራ ሥርዓት ስለማይከተሉ፣ በእነርሱ የተጻፈ ጽሑፍ ሳይለወጥ ድረ ገጽ ላይ ቢለጠፍ የማይነበብ የምልክት ድርድር ይሆናል።