«መኪናው ደመወዜን በላው»፦ ስለ ሥራ መኪናና ስለ ግብር በተሳሳተ መንገድ የሚነገሩ ነገሮች

ኮምቦልቻ ባለ አንድ ፋብሪካ ፔይሮል፣ ማለትም የሠራተኛውን ደመወዝና ተቆራጭ የማስላት ሥራ፣ እሠራለሁ። በቅርቡ አንድ አንጋፋ የምርት ክፍል ኃላፊ የደመወዝ ወረቀታቸውን ይዘው ቢሮዬ ገቡ። ጋሼ ነው የምላቸው። ቁጭ እንኳ ሳይሉ «ልጄ፣ ይሄን መኪና መልሱልኝ፤ ደመወዜን በላው» አሉኝ።

ደመወዛቸው 20,000 ብር ነው። ከዚያ ላይ የገቢ ግብር 4,950 ብር፣ ጡረታ ደግሞ 1,400 ብር ይቆረጣል። 13,650 ብር እጃቸው ይገባ ነበር። መኪና በተሰጣቸው በመጀመሪያው ወር ግን የደረሳቸው 11,900 ብር ነው። 1,750 ብር ጎደለ። ደሴ ላይ ቤት ተከራይቶ ልጅ የሚያስተምር ሰው በዚህ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። «አብሽሩ ጋሼ፣ አንድ በአንድ እንየው» አልኳቸው። የጠየቁኝ ነገር ሁሉ በየሰርቪሱና በየሻይ ቤቱ የምሰማው ስለሆነ እዚህም ላስፍረው።

«ሊብሬው በድርጅቱ ስም ነው፤ ግብሩ እኔን አይመለከተኝም»

ግብሩ የሚታሰበው መኪናው የማን ነው ተብሎ አይደለም። ማን ተጠቀመበት ተብሎ ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ የሚለው በጥሬ ገንዘብ የሚከፈለውን ብቻ አይደለም። አሠሪው በዓይነት የሚሰጠውም ጥቅም ይገባበታል። ቅዳሜ ቤተሰብ ይዛችሁ ሐይቅ የምትሄዱበት መኪና ባይኖር ኖሮ ኮንትራት ይዛችሁ ትከፍሉ ነበር። ከኪሳችሁ ሳይወጣ የቀረው ያ ገንዘብ ነው ጥቅሙ።

በተቃራኒው፣ ማታ ግቢ ውስጥ የሚያድር፣ በስምሪት ወረቀት ብቻ የሚወጣ፣ ለግል ጉዳይ የማይነዳ መኪና ካለ ለእናንተ የተሰጠ የግል ጥቅም የለም። ቁልፉ በእጃችሁ መሆኑ ብቻውን ግብር አያመጣም።

«የመኪናው ዋጋ እንዳለ ደመወዜ ላይ ይደመራል»

ጋሼን በጣም ያስጨነቃቸው ይሄ ነበር። «የሚሊዮን ብር መኪና ግብር እኔ ከየት አመጣለሁ?» አሉኝ። ከየትም አያመጡም። የገቢ ግብር ደንብ ቁጥር 410/2009 ስሌቱን አስቀምጦታል። ድርጅቱ መኪናውን የገዛበት ዋጋ 5 በመቶው ይወሰዳል፤ ያ ለ12 ወር ይካፈላል። የወሩ ጥቅም የሚባለው ይሄ ነው።

የሳቸው መኪና ድርጅቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት በ1,200,000 ብር የገዛት ትንሽ ሱዙኪ ናት። 5 በመቶው 60,000 ብር ነው። ለ12 ሲካፈል በወር 5,000 ብር ይመጣል። ደመወዛቸው ላይ ለግብር ስሌት ብቻ የሚደመረው ይሄ 5,000 ብር ነው። ደመወዛቸው ከ14,000 በላይ ስለሆነ ግብሩ የ5,000ው 35 በመቶ፣ 1,750 ብር ነው። የጎደለችው ብር ይህቺው ናት።

ስለዚህ ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት መጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ መኪናው ስንት እንደተገዛ ነው። ስለ ሞዴሉና ስለ ቀለሙ ብዙ የሚጠይቅ ሰው አያለሁ። የግዢውን ዋጋ የጠየቀኝ ግን እስካሁን የለም።

«ውድ መኪና ከተሰጠኝ ደመወዜ ያልቃል»

አያልቅም፤ ጣሪያ አለው። በዓይነት በሚሰጡ ጥቅሞች ላይ የሚከፈለው ግብር ከደመወዛችሁ 10 በመቶ መብለጥ አይችልም። ለጋሼ የ3,000,000 ብር መኪና ቢሰጣቸው የወሩ ጥቅም 12,500 ብር፣ የሱ 35 በመቶ ደግሞ 4,375 ብር ይሆን ነበር። ግን ደመወዛቸው 20,000 ስለሆነ ከ2,000 ብር በላይ አይቆረጥባቸውም። የደመወዝ ወረቀታችሁ ላይ ለጥቅማ ጥቅም የተቆረጠው ከዚህ ካለፈ ዝም አትበሉ፤ ፔይሮል ሄዳችሁ ጠይቁ።

«35 በመቶ ውስጥ ከገባሁ ጠቅላላው ደመወዜ በ35 ይቆረጣል»

ይሄ ከመኪና ጋር ብቻ የተያያዘ ስህተት አይደለም። ዕድገት ሲመጣም ሰው እየፈራው ነው። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው በማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ እስከ 4,000 ያለው 15፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ ይከፈልበታል። 35 በመቶ የሚታሰበው ከ14,000 በላይ በሆነችው ብር ላይ ብቻ ነው።

13,000 ብር የሚያገኝ ሰው የ2,500 ብር የመኪና ጥቅም ተደመረበት እንበል። ከተጨማሪው ላይ 1,000ው ብር በ30፣ 1,500ው በ35 በመቶ ይታሰባል። 300 እና 525፣ በድምሩ 825 ብር። የቀድሞው 13,000 ላይ የሚከፍለው ግብር ሳንቲም አይጨምርም።

«ለሥራም ስለምነዳው ግማሹ እንደሚቀነስ የታወቀ ነው»

መቀነሱ እውነት ነው። ለሥራ የዋለው ድርሻ ከጥቅሙ ላይ ይቀነሳል። ግን በራሱ ጊዜ አይቀነስም። እኔ ዴስክ ላይ ቁጭ ብዬ ማን የት እንደነዳ ማወቅ አልችልም። ወረቀት ካልመጣልኝ ሙሉውን አስባለሁ። የጋሼም የመጀመሪያ ወር እንደዚያ ነበር የተሠራው።

አንድ ደብተር ገዝተው መኪናው ውስጥ አስቀመጡ። ቀን፣ መነሻ፣ መድረሻ፣ ምክንያት፣ ሲነሱና ሲደርሱ ቆጣሪው ያነበበው ኪሎ ሜትር። በወሩ መጨረሻ 2,400 ኪሎ ሜትር ሆነ። ከደሴ ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ መግባት ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ በ22 የሥራ ቀን 1,100 ይሆናል። ከቤት ሥራ መመላለሱን ከግል በኩል ቆጠርነው። ኋላ ኦዲተር ቢመጣ ክርክር ውስጥ ከመግባት ይሻላል። የቅዳሜና እሁዱ ወደ 100 ነው። የቀረው 1,200፣ ደረቅ ወደቡ ጋ መመላለሱና አንድ የአዲስ አበባ ጉዞ፣ ለሥራ ነው። ጥቅሙ ከ5,000 ወደ 2,500 ብር ወረደ። ግብሩ 875 ብር ሆነ፤ እጃቸው የገባው 12,775 ብር። ደብተሯ በወር 875 ብር አተረፈችላቸው፤ በዚህ ከቀጠለ በዓመት 10,500 ነው።

ነዳጅና ጥገና ከኪሳችሁ የምትከፍሉም ደረሰኙን አትጣሉ። ሠራተኛው ለመኪናው የሚከፍለው ገንዘብም ከጥቅሙ ላይ ይቀነሳል።

«ገቢዎች ሄጄ ማሳወቅ አለብኝ»

የለባችሁም። ቆርጦ የሚያስገባው አሠሪው ነው።

«መኪናም የደመወዝ ጭማሪም ያው አንድ ነው»

አይደለም፤ በተለይ ወጣቶች እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ጡረታ የሚቆረጠው ከመደበኛ ደመወዝ ነው፤ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ። የመኪናው ጥቅም እዚህ ውስጥ አይገባም። ለዛሬ ተቆራጭ አይጨምርባችሁም። ግን የጡረታ አበል የሚሰላው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ስለሆነ ለነገም አይጨምርላችሁም።

አንዲት የፈረቃ አስተባባሪ የ3,000 ብር ጭማሪ ወይም መኪና ምረጪ ተብላ መጣች። ደመወዟ ከ14,000 በላይ ነው። ከጭማሪው 1,050 ብር ግብርና 210 ብር ጡረታ ይወጣል፤ 1,740 ብር እጇ ይገባል። ድርጅቱ በበኩሉ 330 ብር በስሟ ለጡረታ ያስገባል። መኪናው ግን ከእጇ ብር ያስቀንሳል እንጂ አይጨምርም። በምትኩ የሚያተርፍላት የትራንስፖርት ወጪዋን ነው። «ለትራንስፖርት በወር ስንት ታወጫለሽ?» አልኳት። ቤቷ ኮምቦልቻ ነው፤ ከፋብሪካው የ15 ደቂቃ የእግር መንገድ። ጭማሪውን ወሰደች።