የድሮ ታጣፊ ምላጭ በወሎ፦ አለያየቱና አጠጋገኑ

ታጣፊ ምላጭ ስለቱ ወደ እጀታው ተመልሶ የሚታጠፍ፣ በድንጋይና በቆዳ እየተሳለ የሰው ዕድሜ የሚያገለግል መላጫ ነው። በወሎ ዛሬም ብቅ ይላል፦ ከደሴ አሮጌ ፀጉር ቤት መሳቢያ፣ ከአያት ሣጥን ሥር፣ ከቁራሌው ጆንያ። ሲገኝ ግን ብዙ ጊዜ ዝጎ ነው። ቢላዋ መስሏቸው ሽንኩርት የከተፉበትም አይጠፉም።

በአገሬው ዘንድ ምላጭ ከጢም ይልቅ የራስ ዕቃ ነው። የልጅ ቁንጮ ሲወጣ ዙሪያው የሚላጨው በእሱ ነው። በሙስሊሙ ቤት ሕፃን በተወለደ በሰባተኛው ቀን፣ አቂቃ (ስለ ልደቱ የሚታረደው እርድ) ሲወጣለት፣ ፀጉሩ ይላጫል። ቀድሞ ለዚህ የሚያገለግለው የአገር ቀጥቃጭ የሠራው ምላጭ ነበር። የፈረንጁ ታጣፊ የበዛው ጣሊያን ደሴን ከያዘበት ከሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ወዲህ ሳይሆን አይቀርም። በእነዚያ አምስት ዓመታት ከአሰብ እስከ ኮምቦልቻ የመኪና መንገድ ተሠራ፤ ዕቃውም በዚያው ሽቅብ ወጣ። በእጅ ቅልጥፍና ግን የደሴን ፀጉር አስተካካይ የሚያህል የለም። የሚጠራጠር መጥቶ ይላጭ።

ምላጩ ማን እንደሆነ የሚናገረው አንገቱ ነው። ስለቱ አልቆ ወደ እጀታው በሚገባበት ወፍራም ብረት ላይ የሠሪው ስምና ከተማው ታትሟል። ከተሞቹ ጥቂት ናቸው። የእንግሊዙ ሼፊልድና የጀርመኑ ዞሊንገን ገበያውን ይዘውት ነበር። የፈረንሳዩ ቲየር፣ የስዊድኑ ኤስኪልስቱናና የጣሊያኑ ማኒያጎም ስለት ይሠራሉ። ሼፊልድን ሼፊልድ ያደረገው ቤንጃሚን ሀንትስማን በ1740ዎቹ ብረትን በሸክላ ማቅለጫ አቅልጦ ንጹሕና ጠንካራ አድርጎ ማውጣቱ ነው (የውጭዎቹ ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አንገቱ ላይ «ካስት ስቲል» (ቀልጦ የወጣ ብረት) የሚል ካለ የዚያ ብረት ልጅ ነው ማለት ነው።

ዘውድ ከ«ቪ አር» ፊደላት ጋር ካለበት የንግሥት ቪክቶሪያ ምልክት ነው። እሷ የነገሠችው ከ1837 እስከ 1901 ነው፤ ስለዚህ ምላጩ ከ1837 አይቀድምም። ዘውድና «ደብልዩ አር» ከሆነ የዊልያም አራተኛ ነው፤ ከ1830 እስከ 1837 ብቻ ስለነገሠ ዘመኑን ለመገመት ይቀላል። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ ነው። ከ1891 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ዕቃ የተሠራበትን አገር ስም እንዲይዝ አስገደደ። «ኢንግላንድ» ወይም «ጀርመኒ» የሚል ያለው ምላጭ ከዚያ ወዲህ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የአገር ስም የሌለው ግን የግድ ጥንታዊ አይደለም፤ ለአሜሪካ ገበያ ያልታሰበ ሊሆን ይችላል። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሰዎች የዞሊንገኑ ሠሪ የሄንክልስ ምልክት ናቸው። መንትዮቹ የተመዘገቡት በ1731 ነው። ዛፍ ካለበት ሠሪው ቦከር ነው። ዞሊንገን የሚለው ስም በ1938 በሕግ ተጠብቋል።

ጽሑፉ ቢጠፋም ቅርጹ ይናገራል። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ምላጭ ከአንገቱ ኋላ ጭራ የለውም፤ ቢኖረውም አጭር ነው። የጥንቶቹ ስለቶች እንደ ሽብልቅ ድፍን ናቸው። ጎን ለጎኑ የተቦረቦረውና ቀጭኑ በኋላ የመጣ ነው። ቀጭኑን በጥፍር ጫፍ ቢመቱት ቅጭል ይላል።

እጀታው ቀንድ፣ አጥንት፣ የዝሆን ጥርስ ወይም ሴሉሎይድ (የድሮ ፕላስቲክ) ይሆናል። ሴሉሎይድ በጣት ሲታሽ የካምፎር (የካፉር) ሽታ ይሰጣል። በጋለ መርፌ እንፈትነው የሚሉ አሉ፤ ፈጽሞ አይሞከርም፣ ቦግ ብሎ ይነዳል። ሴሉሎይድ ሲያረጅ የሚያወጣው አሲድ ጭስ ብረቱን ይበላል። ስለዚህ የተሰነጣጠቀ ሴሉሎይድ ያለው ምላጭ ከሌሎቹ ተለይቶ ይቀመጣል። እጀታው ከተበላሸ ወሎ ምን ገዶት! የበሬ ቀንድ ሞልቷል። ቀንድ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ተጭኖም ይዘረጋል፤ ዋንጫ የሚሠሩ እጆች ይህን ያውቁታል።

ወደ ጥገናው ስንመጣ፣ መጀመሪያ ስለቱ በብርሃን ይታያል። ዝገቱ ስለቱ ጫፍ ድረስ ጉድጓድ ከቆፈረ፣ ወይም ብረቱ ከተሰነጠቀ፣ አይድከሙ። ደህና ከሆነ ብረቱ ብቻ ላምባ ወይም ዘይት ተቀብቶ ያድራል። ቀዩ ዝገት በእርጥብ ብርጭቆ ወረቀት በእጅ ይነሳል፦ 600፣ 1000፣ 2000 ቁጥር እያሉ፤ ቁጥሩ ሲያድግ ወረቀቱ ይልማል። ጥቁሩ ቀለም ጉዳት የለውም፣ ይተው። አንገቱ ላይ ወረቀቱ እንዳይደርስ፤ ጽሑፉ አንዴ ከጠፋ አይመለስም።

የሞተር ድንጋይ ደግሞ የምላጭ ጠላት ነው። የአያቴን ምላጭ ያጣሁት በዚህ ነው። «አንድ ደቂቃ አይፈጅም» ያለኝ ሰው እውነቱን ነው፣ ደቂቃም አልፈጀ። ብልጭታው ሲቆም ጫፉ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ሰማያዊው ብረቱ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መጋሉን ያሳያል። እዚያ የደረሰ ጫፍ ጥንካሬው ይሄዳል፤ ቢሳልም ወዲያው ይደንዛል።

ሲሳል ጀርባውም ስለቱም ድንጋዩ ላይ ይተኛሉ። የምላጩ ጥበብ ያ ነው፤ ማዕዘኑን የሚጠብቀው ጀርባው ራሱ ነው። የተሸረፈ ከሆነ ከ1000 ቁጥር ድንጋይ ይጀመራል፣ ከዚያ 4000፣ ከዚያ 8000። ድንጋይ ላይ ሲገፋ ስለቱ ይቀድማል። ከዚያ በኋላ ቆዳ ላይ ሲሳል ግን ጀርባው ይቀድማል፤ ይህን ያሳሳተ ቆዳውንም ስለቱንም ያጣል። የክንድ ፀጉር ቆዳ ሳይነካ ከቆረጠ ደርሷል። ተደርቆ፣ ስስ ዘይት ተቀብቶ ይቀመጣል።

የዛሬ ፀጉር ቤቶች ተጣይ ምላጩን ከነወረቀቱ ለሁለት ሰብረው መያዣ ውስጥ ያስገባሉ፤ ለአንድ ደንበኛ አንድ ግማሽ። የታደሰው ታጣፊ ግን ከሰው ሰው አይዞርም። የባለቤቱ ጢም ብቻ ነው።