የድንጋይ ከሰል ዝፍትና በላዩ የሚታከሉ ነገሮች

የድንጋይ ከሰል አየር በማይገባበት ምድጃ ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲግል ለብረት ማቅለጫ የሚሆነው ኮክ ይቀራል፤ ከሚወጣው ጋዝ ውስጥ ደግሞ ጥቁርና ዝልግልግ ቅጥራን ቀዝቅዞ ይጠራቀማል። ከ100 ኪሎ ግራም ከሰል የሚገኘው ቅጥራን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ቅጥራኑ ተነጥሮ ቀላል ዘይቶቹ ከተለዩ በኋላ ግማሽ ያህሉ ዝፍት ሆኖ ይቀራል፤ ይህም ሲቀዘቅዝ እንደ ብርጭቆ የሚሰበር፣ ሲሞቅ የሚፈስ ነገር ነው።

ዝፍት ከሁሉ ይልቅ የሚፈለገው በአሉሚኒየም ማምረቻ ነው። በ1886 ሆል በአሜሪካ፣ ኤሩ በፈረንሳይ ለየብቻ በደረሱበት ዘዴ አሉሚኒየም የሚለየው በካርቦን አኖድ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ በሚያስገባ የካርቦን ጡብ፣ አማካይነት ሲሆን፣ አኖዱ ራሱ በሥራው ላይ እየተቃጠለ ያልቃል፤ ለ1 ቶን አሉሚኒየም ከ400 ኪሎ ግራም በላይ ካርቦን ይጠፋል። አኖዱ የሚሠራው ከድፍድፍ ነዳጅ ዝቃጭ የሚገኝ የተፈጨ የነዳጅ ኮክ 15 በመቶ ገደማ በሚሆን ዝፍት ተለውሶ፣ ተጠቅጥቆና በ1,100 ዲግሪ አካባቢ ተጋግሮ ነው። የብረታ ብረት ማቅለጫ ኤሌክትሮዶችም፣ ማለትም ከግራፋይት (በሥርዓት ከተደራረበ ካርቦን) የተሠሩ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ዘንጎች፣ በዝፍት ይያያዛሉ።

ችግሩ ዝፍት ሲጋገር ከክብደቱ ግማሽ የሚጠጋው በትነት መሄዱና በምትኩ ቀዳዳ መቅረቱ ነው። ስለዚህም አምራቾች በዝፍቱ ላይ ልዩ ልዩ ነገር ያክላሉ፤ የሚታከለው ነገር መልካምነት ግን የሚለካው ካርቦኑ በሚውልበት ሥራ ብቻ ነው። ይህን ለመረዳት ዝፍት እንዴት ካርቦን እንደሚሆን ማየት ይበጃል። ብሩክስና ቴይለር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ በአውስትራሊያ እንዳሳዩት፣ ዝፍት ከ400 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ጠፍጣፋ ሞለኪውሎቹ ተደርድረው ሜሶፌዝ የተባሉ ጥቃቅን ሉሎችን ይሠራሉ፤ ሉሎቹ ተገናኝተው ሲዋሃዱ ወደ ግራፋይት ለመለወጥ የተመቸ ሥርዓት ያለው ካርቦን ይፈጠራል።

ኪኖሊን በተባለ ፈሳሽ የማይሟሙት የዝፍቱ ደቃቅ ቅንጣቶችም ሆኑ በእጅ የሚታከለው የካርቦን ጥላሸት በሉሎቹ ዙሪያ ተለጥፈው እንዳይዋሃዱ ያግዳሉ። ለማያያዣ ዝፍት ቅንጣቶቹ በልክ ሲሆኑ የካርቦኑን መጠንና ጥንካሬ ስለሚጨምሩ ይወደዳሉ። ወደ ኤሌክትሮድ ቀዳዳ እንዲሰርግ በሚፈለግ ዝፍት ላይ ግን መግቢያውን ይደፍናሉ፤ ለግራፋይት ኤሌክትሮድ የሚሆነውን መርፌ መሰል ኮክ ለመሥራትም አስቀድሞ መወገድ አለባቸው።

ድኝም እንዲሁ ሁለት መልክ አለው። ከዝፍቱ ሃይድሮጅን ነጥቆ ሞለኪውሎቹን ስለሚያስተሳስር ተጋግሮ የሚተርፈውን ካርቦን ያበዛል፤ የሚገኘው ካርቦን ግን ጠጣርና ለግራፋይትነት የማይመች ነው። በኮኩ ውስጥ ያለው ድኝ በበኩሉ ኤሌክትሮዱ ከ1,500 ዲግሪ በላይ ሲግል በድንገት እየወጣ ያሳብጠዋል፤ ይህን ለመከላከል ድኙን የሚይዝ የብረት ኦክሳይድ በልውሱ ውስጥ ይጨመራል። ቦሮን በአንጻሩ ግራፋይት መሆንን ያፋጥናል፤ በጥቂቱ ሲታከልም ካርቦኑ በአየር ቶሎ እንዳይቃጠል ያግዛል።

የዝፍት ጭስ ካንሰር አምጪ መሆኑ ከተረጋገጠ ቆይቷል፤ ቤንዞፓይሪን የተባለው ውህድ ከዋነኞቹ ተጠያቂዎች አንዱ ነው። አንዳንድ አምራቾች የዚህን ውህድ መጠን ለመቀነስ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚገኝ የነዳጅ ዝፍት ይቀላቅላሉ፤ ይሁንና የነዳጅ ዝፍት ከላይ የተነገሩት ደቃቅ ቅንጣቶች እምብዛም ስለሌሉት፣ የልውሱ መጠንና የመጋገሪያው አካሄድ እንደገና መመጠን ይኖርበታል።