ሲቪል መንግሥት ምንድን ነው? ካኪ ማውለቅ አይደለም

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ስለ ደቡብ ኮሪያው የቀድሞ መሪ «ፓርክ ቹንግ ሂ እኮ ካኪውን አውልቆ፣ ተወዳድሮ ነው የመጣው፤ ሲቪል መንግሥት ነው፣ አለቀ» ብሎ ጻፈ። አላለቀም ወዳጄ። እዚህ ደሴ ኮሪያ ሲነሳ መጀመሪያ የቃኘው ሻለቃ ይነሳል፣ ቀጥሎ «አንድ ወታደር መጥቶ አሳደጋቸው» ይከተላል። ስለ እድገቱ ሌላ ቀን እንጨቃጨቅ። ዛሬ የምታበሳጨኝ «ሲቪል» የምትለዋ ናት።

ሲቪል መንግሥት የሚባለው መሪው ሱፍ ስለለበሰ አይደለም። የታጠቀው ላልታጠቀው ሲታዘዝ፣ ያልታጠቀውም የታጠቀውን ማሰናበት ሲችል ነው።

ዘበኛ ቀጥራችኋል እንበል። አንድ ሌሊት ጓደኞቹን ይዞ ሳሎን ገባና አባወራውን አስወጣ። ቆይቶ ካፖርቱን ሰቀለ፣ ሶፋው ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ፣ ቤተሰቡንም ሰብስቦ «ማን ያስተዳድራችሁ?» ብሎ እጅ አስወጣ። ካፖርቱንማ አውልቋል። በሩ ላይ የቆሙትስ የማን ጓደኞች ናቸው? ቁልፉስ ማን ኪስ ውስጥ ነው?

ፓርክ በግንቦት 1961 መንግሥት ሲገለብጥ ሜጀር ጄኔራል ነበር። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። የታሪክ መምህር ነኝ፣ ይህን ሳልናገር አላልፍም።) የገለበጠው መንግሥት ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ ስለዚህ «ሲቪሎቹ ስላቃታቸው ነው» የሚለውን በጥንቃቄ ያዙት፣ በወራት ዕድሜ ማንም አይመዘንም። በነሐሴ 1963 ጡረታ ወጣ፣ በጥቅምት ተወዳደረ፣ ተፎካካሪውን ዩን ፖ ሱንን በ156 ሺህ ድምፅ ገደማ አሸነፈ። ፉክክሩ የእውነት ነበር። ግን ሌሎች ፖለቲከኞች በታገዱበት ጊዜ የእሱን ፓርቲ ውስጥ ለውስጥ ያደራጀለት የስለላ ድርጅቱ ነው።

እጅ ማስወጣቱም የሚቀጥለው ውጤቱ እስከጣመ ድረስ ነው። በ1969 ለሦስተኛ ጊዜ ለመወዳደር ሕገ መንግሥቱን አሻሻለ። በ1971 የተቃዋሚው ዕጩ ኪም ዴ ጁንግ ክፉኛ ተፎካከረው። በ1972 ወታደራዊ አዋጅ አወጀና ፓርላማውን በተነ፤ ከዚያ 2359 መራጮች ያሉት ጉባኤ በ2357 ድምፅ መረጠው። ሁለቱ ወረቀት ተበላሽቶ ነው እንጂ የተቃወመ የለም!

ሰበቡ ሁሌም ሰሜን ኮሪያ ነበር። የተከፈለ አገር ለዘበኛ ይመቻል፤ «ሌባው አጥር ላይ ነው» ሲል ማንም አያስተባብለውም፣ ሌባው አንዳንዴ በእርግጥም አጥር ላይ ነዋ። የሚገርመው፣ የፓርክ አዲስ ሕገ መንግሥትና የሰሜኑ መሪ የኪም ኢል ሱንግ አዲስ ሕገ መንግሥት የጸኑት በአንድ ቀን ነው፣ ታኅሣሥ 27፣ 1972።

በ1979 ፓርክን እራት ላይ ተኩሶ የገደለው የገዛ የስለላ ኃላፊው ነው፣ እሱም የቀድሞ ጄኔራል። በዚያው ዓመት ሌላ ጄኔራል፣ ቹን ዱ ሁዋን፣ ጦሩን በእጁ አስገባ።

እኛም አገር አይተነዋል። በመስከረም 1977 (ይኼ በእኛ ነው) ኮረም ላይ ሰው በረሃብ ሲረግፍ አዲስ አበባ የደርግን ፓርቲ ኢሠፓን ለመመሥረት ይደገስ ነበር። ከአሥራ አንዱ የፖሊት ቢሮ አባላት ሰባቱ የደርግ መኮንኖች ነበሩ። በ1980 ደግሞ «ፕሬዚዳንት» መጣ። ወሎ ላይ ማን ነው «እፎይ፣ ሲቪል መጣልን» ያለው?

ወታደር የነበረ ሁሉ አይቻለውም እያልኩ አይደለም፣ እንዳታጣምሙብኝ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርም ጄኔራል ነበር፤ ግን ወደ ሥልጣን ያመጡት የበታች መኮንኖቹ አይደሉም፣ ሁለት ዘመኑን ጨርሶም ቤቱ ገባ።

በደቡብ ኮሪያ ቁልፉ የተቀየረበትን ጊዜ ከፈለጋችሁ 1993ን (እንደገና በፈረንጅ) ተመልከቱ። ሲቪሉ ፕሬዚዳንት ኪም ዮንግ ሳም ሥልጣን እንደያዘ «ሃናሆ» የሚባለውን የመኮንኖች ምስጢራዊ ማኅበር አባላት ከጦሩ ቁልፍ ቦታዎች አነሳ። ማንም ታንክ ይዞ አልወጣም። በ1996 ሁለቱ የቀድሞ ጄኔራል-ፕሬዚዳንቶች፣ ቹንና ተከታዩ ሮ ቴ ዉ፣ በ1979ኙ መፈንቅለ መንግሥትና በጓንግጁ ከተማ በተፈጸመው የሰልፈኞች ግድያ ፍርድ ቤት ቀርበው ተፈረደባቸው።