የነርሶች መድኃኒት የማዘዝ ሥልጣን ምንድን ነው? ነርሶችስ እንዴት ያዩታል?

ተጨማሪ ሥልጠና የወሰደና በሙያው ተቆጣጣሪ አካል የተመዘገበ ነርስ፣ የሐኪም ፊርማ ሳይጠብቅ፣ በራሱ ስምና በራሱ ኃላፊነት የመድኃኒት ማዘዣ እንዲጽፍ ሕግ ሲፈቅድለት፣ መድኃኒት የማዘዝ ሥልጣን አገኘ ይባላል። ሐኪም ያዘዘውን ክኒን በሰዓቱ መስጠት ወይም መርፌ መውጋት ከዚህ የተለየ ሥራ ነው፤ በዚያ ውሳኔው የሐኪሙ ሲሆን፣ በዚህ ግን የነርሱ የራሱ ነው።

ጉዳዩ ጎልቶ የሚታየው በእንግሊዝ አገር ታሪክ ውስጥ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. በጁልያ ከምበርሌጅ ሰብሳቢነት የቀረበ ሪፖርት፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ሕሙማንን የሚንከባከቡ ነርሶች ፊርማ በመጠበቅ ብዙ ጊዜ እንደሚያጠፉ አመለከተ። የእግር ቁስል ያለባቸውን አሮጊት ልትረዳ የሄደች ነርስ ፋሻውን ፈትታ፣ ቁስሉን አጥባ፣ ስፋቱንና ጥልቀቱን ለክታ ስታበቃ፣ የሚያስፈልገው መሸፈኛ የትኛው እንደሆነ ታውቃለች። ነገር ግን ያንኑ መሸፈኛ ከፋርማሲ ለማስወጣት፣ ቁስሉን በዚያ ቀን ያላየው ሐኪም እስኪፈርምላት ደጅ መጥናት ነበረባት። ከዚህ የተነሣ በ1992 ሕጉ ወጣ፤ በ1994 በስምንት ቦታዎች ሙከራ ተጀመረ። መጀመሪያ የተፈቀደው የቁስል መሸፈኛን፣ የሆድ ድርቀት መድኃኒትንና ቀላል ማስታገሻን የመሳሰለ አጭር ዝርዝር ነበር። ከ2006 ወዲህ ግን የሠለጠኑ ነርሶች በሙያ ብቃታቸው ክልል እስከሆነ ድረስ ማንኛውንም መድኃኒት ለማለት የሚያስደፍር ፈቃድ አገኙ፤ በ2012 ሞርፊንን የመሳሰሉ ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶችም ተጨመሩ።

ነርሶች ይህን ሥልጣን የሚያዩበት ዓይን አንድ ዓይነት አይደለም። ብዙዎቹ በሽተኛው ሳይጉላላ እንዲታከም ስለሚያስችል፣ የጀመሩትንም ሥራ ራሳቸው እንዲጨርሱ ስለሚያደርግ ይወዱታል፤ ድሮም በተግባር የሚወስኑት እነሱ ሆነው ሳለ ወረቀቱ ላይ ግን የሌላ ሰው ስም ይሰፍር ነበርና፣ እውነቱ በሕግ መታወቁ ያስደስታቸዋል። ሌሎች ደግሞ የሥራ ጫናው ጨምሮ ደመወዙ ባለበት መቅረቱን ያነሣሉ። ነርስነት ከበሽተኛ አልጋ አጠገብ ተነሥቶ የሐኪም እጥረት መሙያ እንዳይሆን የሚሰጉም አሉ፤ ይህንን ስጋት አቅልሎ ማየት አይገባም እላለሁ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የመሳሳት ፍርሃት ነው። ለሳንባ ምች የፔኒሲሊን ዘር የሆነውን አሞክሲሲሊን ልታዝዝ ብዕር ያነሣች ነርስ፣ በሽተኛው ፔኒሲሊን የማይስማማው መሆን አለመሆኑን፣ ኩላሊቱ እንዴት እንደሆነ፣ ሌላ ምን መድኃኒት እየወሰደ እንዳለ ሳትጠይቅ ብትፈርም፣ ለሚደርሰው ጉዳት በሕግ ተጠያቂዋ ራስዋ ናት። በእንግሊዝ ለረጅም ጊዜ የተሠራበት ኮርስ ቢያንስ 26 የትምህርት ቀናትና በሐኪም ክትትል የሚደረግ 12 የልምምድ ቀናት ነበሩት፤ የፋርማኮሎጂ (የመድኃኒቶች ጥናት) ዕውቀታችን አይበቃም የሚለው የነርሶች ቅሬታም ከዚሁ ጋር አብሮ ይነሣል። እንደ እኔ ይህ ፍርሃት የብቃት ማነስ ምልክት አይደለም። እንዲያውም ከመፈረምዋ በፊት ደግማ የምትጠይቅ ነርስ እናቴን ብታክምልኝ ደስ ይለኛል።

በኢትዮጵያ ነገሩ የመጣው በሌላ በር ነው። ሐኪም በሌለባቸው ጤና ጣቢያዎች በሽተኛ መርምረው መድኃኒት የሚያዝዙት ጤና መኮንኖችና ነርሶች ናቸው፤ የፀረ ኤችአይቪ ሕክምናም ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ጤና ጣቢያ ሊወርድ የቻለው በእነሱ ትከሻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ሕክምና ሥራ ሽግሽግ፣ ማለትም የሐኪምን ሥራ ለነርሶችና ለሌሎች የጤና ሠራተኞች ስለማስተላለፍ፣ የጠራው ዓለም አቀፍ ጉባኤ በጥር 2008 እ.ኤ.አ. የተካሄደውም አዲስ አበባ ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ የምትሠራ ነርስ ሥልጣኑን ትፈልጊያለሽ ወይ ተብላ ከመጠየቅዋ በፊት ወረፋ የያዘ በሽተኛ በርዋ ላይ ቆሟል። ስለዚህ የእርስዋን አመለካከት የሚወስነው፣ ያጠራጠራትን በሽተኛ የምታማክረው ሰው በስልክ ማግኘትዋ፣ የሕክምና መመሪያው ጠረጴዛዋ ላይ መኖሩና ስሕተት ቢፈጠር ተቋሙ ከጎንዋ መቆሙ ነው።