የኤቲቪ ኦል ቴሬን ጎማ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለኤቲቪው፣ ማለትም መንገድ በሌለበት ለሚነዳው ባለ አራት ጎማ ሞተር፣ ጎማ ሊቀይር የተነሳ ሰው ምክር አያጣም። ሻጩ አንድ ነገር ይላል፣ ጎሚስታው ሌላ፣ ጓደኛው ደግሞ ከሁለቱም የተለየ። ችግሩ አብዛኛው ምክር ከመኪና ጎማ የተወረሰ መሆኑ ነው። ባለ አራት ጎማው ሞተር ግን ቀላል ነው፣ ጎማው ለስላሳ ነው፣ የሚሄደውም መንገድ በሌለበት ነው። መኪና ላይ ትክክል የሆነ ሐሳብ እዚህ ሲመጣ ይገለበጣል።

«ኦል ቴሬን ከሆነ የትም ያስኬዳል»

ያስኬዳል፣ ግን የትም አንደኛ አይደለም። ኦል ቴሬን፣ ማለትም «ለሁሉም መሬት» የሚባለው፣ መካከለኛ ጎማ ነው። በደረቅ አፈር፣ በጠጠር፣ በሣር፣ በጫካ መንገድና በቀላል ጭቃ ላይ ደህና ይሠራል። ጭቃው ሲጠልቅ ግን በጥርሶቹ መሃል ይጠቀጠቅና ጎማው ልሙጥ ሆኖ ይቀራል። የአሸዋ ክምር ላይም መቅዘፊያ የመሰለ ጥርስ ያለው የአሸዋ ጎማ ጥሎት ይሄዳል።

ታዲያ ለምን ይገዛል? አብዛኛው ሰው ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት መሬት ላይ ስለማይነዳ ነው። በዓመት ሁለቴ የምትገቡበትን ረግረግ እያሰባችሁ ጎማ አትምረጡ። ዘወትር የምትሄዱበትን መሬት አስቡ።

«ጥርሱ በጠለቀ ቁጥር ይሻላል»

ይኼ በዓይን የመግዛት በሽታ ነው። የጭቃ ጎማ ጥርሱ 1 ኢንችና ከዚያም በላይ ይጠልቃል፣ እውነትም ያስፈራል። የኦል ቴሬን ጥርስ ብዙውን ጊዜ ከ1 ኢንች ያነሰ ነው። ግን ጥልቅ ጥርስ ያለውን ጎማ ደረቅ መሬት ላይ ንዱት፦ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ጎማው ይከብዳል፣ መሬት የሚነኩት ጥርሶች ጥቂት ስለሆኑም ቶሎ ያልቃሉ። አሸዋ ላይ ነዳጅ ከሰጣችሁት ወደፊት ከመሄድ ይልቅ ጉድጓድ ይቆፍራል። ሣሩንም ይነቅለዋል።

ከጥልቀቱ ይልቅ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ተመልከቱ። ሰፊ ክፍተት ያለው ጎማ ሲሽከረከር ጭቃውን ራሱ ይወረውራል። ጠበብ ጠበብ ያለው ደግሞ ድንጋይና ደረቅ መሬት ላይ ብዙ ላስቲክ ያስነካል፣ ስለዚህ የተሻለ ይይዛል።

«ንፋሱን ጠንከር አድርገህ ሙላው»

ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ጥሩ ጎማ ገዝቶ የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። የመኪና ጎማ 30 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ስለሚሞላ፣ 5 ሲባል ብዙዎች የባዶ ያህል ይመስላቸዋል። ለብዙ ኤቲቪዎች ግን አምራቹ የሚያዘው ከ4 እስከ 7 ፒኤስአይ አካባቢ ነው። እንደ መኪና ጎን ለጎን ወንበርና ክብ መሪ ያላቸው ትልልቅ ዓይነቶች ከዚህ ከፍ ይላሉ። ትክክለኛው ቁጥር በመመሪያው መጽሐፍ ላይ፣ ብዙ ጊዜም ኤቲቪው ላይ በተለጠፈ ወረቀት ላይ አለ።

ለስላሳነቱ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1970 በኋላ ኤቲሲ 90 የተባለውን ባለ ሦስት ጎማ ሲያወጣ፣ ተሽከርካሪው ሞላ የሚባል ነገር አልነበረውም። ንጥረቱን የሚውጡት እንደ ፊኛ የተነፉት ዝቅተኛ ንፋስ ያላቸው ጎማዎች ነበሩ። ሞላው በኋላ መጣ፣ ጎማው ግን ያንን ሥራ እስከዛሬ አልተወም።

ንፋሱ ሲበዛ ጎማው መሃሉ ላይ ብቻ ይቆማል። ድንጋይ ሲያገኝ ከመታጠፍ ይልቅ ይነጥራል፣ መሪውም ከእጃችሁ ሊያመልጥ ይፈልጋል። ሲያንስ ደግሞ ጠመዝማዛ ላይ ጎማው ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል፣ ቸርኬውም ድንጋይ ሲመታው ይጣመማል።

እዚህ ላይ ሂሳቡን ልብ በሉ። በ32 ፒኤስአይ የመኪና ጎማ ላይ የ1 ፒኤስአይ ስህተት 3 በመቶ ገደማ ነው። በ5 ፒኤስአይ ጎማ ላይ ግን 20 በመቶ ነው! የመኪና መለኪያ ደግሞ ታች ያሉትን ቁጥሮች በቅጡ አያነብም። ስለዚህ ለዝቅተኛ ንፋስ የተሠራ መለኪያ ግዙ፣ ጎማው ሳይሞቅ ለኩ፣ ግራና ቀኙንም እኩል አድርጉ። እኩል ካልሆኑ ኤቲቪው ወደ አንድ ወገን መጎተት ይጀምራል።

ሌላም አለ። ጎማው ጎን ላይ ከፍ ያለ ቁጥር ተጽፎ ታገኛላችሁ። እሱ ብዙውን ጊዜ ጎማው አዲስ ሲገጠም ጠርዙ ቸርኬው ላይ እንዲቀመጥ የሚፈቀደው ከፍተኛ ንፋስ ነው። መንጃ ንፋስ አይደለም፣ ከተገጠመ በኋላ ይቀነሳል።

«6 ፕላይ ከ4 ፕላይ ሁልጊዜ ይበልጣል»

ፕላይ ድሮ በጎማው ውስጥ ያለውን የጨርቅ ድርብ ብዛት ይናገር ነበር። ዛሬ የጥንካሬ ደረጃ ነው። 6 የተጻፈበት ጎማ ውስጡ ስድስት ድርብ ላይኖረው ይችላል። በአንዳንዶቹ ላይ ቁጥር ሳይሆን ኮከብ ነው የሚታተመው፦ ሁለት ኮከብ ወደ 4፣ ሦስት ኮከብ ወደ 6 ፕላይ ይጠጋል።

ስለታም ድንጋይ፣ እሾህና ጉቶ ባለበት፣ ወይም ጭነት የሚበዛ ከሆነ 6 ፕላይ ዋጋውን ያወጣል። ለስላሳ መሬት ላይ ለሚነዳ ግን ትርፉ ክብደት ነው። ጎማው ይደርቃል፣ መሬቱን አቅፎ አይሄድም፣ ወገብም ያውቀዋል። ለቀላል ኤቲቪ 4 ፕላይ አያሳፍርም።

«ትልቅ ጎማ ብገጥም ከመሬት ከፍ እላለሁ»

ከፍ ትላላችሁ፣ ግን የሚመስላችሁን ያህል አይደለም። መጀመሪያ ቁጥሩን እንወቅ። 25×8-12 ማለት የጎማው ቁመት 25 ኢንች፣ ስፋቱ 8 ኢንች፣ የሚገባበት ቸርኬ 12 ኢንች ነው። ከ25 ወደ 27 ስትሄዱ 2 ኢንች ጨመርን ትላላችሁ፤ ከሆድ በታች የምታገኙት ግን 1 ኢንች ብቻ ነው። ግማሹ ከአክስሉ በላይ ይቀራል።

በምትኩ የምትከፍሉት ይበዛል። ሞተሩ ከባድ ጎማ ለማዞር ይደክማል፣ ጉልበቱን በቺንጋ የሚያስተላልፍ ከሆነ ቺንጋው ይሞቃል፣ ጎማውን በሚያዞረው ዘንግ (ሴሚያሱ) ላይ ጫና ይጨምራል፣ ፍሬኑም የቀድሞውን ያህል አይዝም። ኤቲቪው ከፍ ሲል ደግሞ ዳገት ላይ በጎን መገልበጡ ይቀርባል። የፍጥነት መለኪያው ጎማውን ወይም የኋላውን ዘንግ ዙር የሚቆጥር ከሆነም 50 ሲያሳያችሁ በ54 እየሄዳችሁ ነው።

ስፋትም እንደዚሁ ነው። ሰፊ ጎማ አሸዋ ላይ ይንሳፈፋል። ሥሩ ጠንካራ የሆነ ጭቃ ላይ ግን ጠባቡ ቆርጦ ወርዶ መርገጫ ያገኛል፣ መሪም ይቀላል።

«ያለቁት የኋላዎቹ ስለሆኑ የኋላዎቹን ብቻ ልቀይር»

በኋላ ጎማ ብቻ የሚሄድ ከሆነ፣ ቁመቱ ያው እስከሆነ ድረስ ችግር የለም። በአራቱም የሚጎትት ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። ፊትና ኋላ በፋብሪካ የተሰላ የቁመት ግንኙነት አላቸው። አዲስ ረጅም ጎማ ከኋላ፣ ያለቀ ጎማ ከፊት ስታደርጉ ዙራቸው አይገጥምም፣ ደረቅ መሬት ላይ ማርሾቹ እርስ በርስ ይታገላሉ። በተለይ ከፋብሪካው የተለየ ቁመት ከመረጣችሁ አራቱንም አንድ ላይ መቀየሩ ይሻላል። ግራና ቀኝ የተለያየ ጎማ መግጠምማ ጨርሶ አይሞከርም።

«ዲኦቲ የተጻፈበት ጎማ ካለኝ አስፋልት ላይ እነዳለሁ»

ዲኦቲ የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ምልክት ነው፤ ማህተሙ ለጎማው እንጂ ለተሽከርካሪው ፈቃድ አይደለም። ብዙ ኤቲቪዎች የኋላ ዲፈረንሻል (ግራና ቀኝ ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞር የሚያደርገው ማርሽ) የላቸውም፣ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች እኩል ይዞራሉ። አፈር ላይ አንዱ ስለሚንሸራተት አይታወቅም። አስፋልት ግን አያንሸራትትም፣ ስትታጠፉ ኤቲቪው ቀጥ ልሂድ ይላል። አምራቾቹም አስፋልት ላይ አትንዱ ብለው ያስጠነቅቃሉ። ጎማው ቶሎ ማለቁ ከሁሉ ትንሹ ጉዳት ነው።

«ራዲያል ዘመናዊ ስለሆነ የግድ እሱ ነው»

ራዲያል፣ ማለትም የውስጥ ክሮቹ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ ቀጥ ብለው የሚያልፉበት ጎማ፣ ፍጥነት ላይ ይመቻል፣ ረጅም መንገድም አያደክምም። ክሮቹ አግድም የሚጣመሩበት ባያስ የሚባለው በአብዛኛው ጎኑ ጠንከር ይላል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ቀስ ብሎ ጭነት ለሚጎትት ሰው ባያስ ምንም አይጎድልበትም።

«ከተበሳ አለቀለት»

አላለቀም። አብዛኞቹ ካላማዳሪያ የሌላቸው ናቸው፤ መሬት የሚነካው ክፍል ላይ የተበሳን ቀዳዳ በመወተፊያ ገመድ እዚያው ሜዳ ላይ መድፈን ይቻላል። መወተፊያውንና ትንሽ የእጅ ፓምፕ ይዛችሁ ውጡ። ጎኑ የተቀደደ ጎማ ግን ወደ ቤት ካደረሳችሁ በቂ ነው፣ ከዚያ ይቀየር።

አዲሱን ስታስገጥሙ ጎኑ ላይ ቀስት ካለ ወደፊት የሚዞርበትን አቅጣጫ ነው የሚያሳየው፤ ጎሚስታው ሲቸኩል ሊገለብጠው ይችላል። መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙራችሁ ፓራፋንጎውን እንዳይነካ እዩ። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላም ብሎኖቹን እንደገና አጥብቁ፣ ንፋሱንም ድጋሚ ለኩ።