ባትሪ የሚጨርሱ መተግበሪያዎች፣ የመተግበሪያ መደብሮችና የባሕር ዳር ተጠቃሚ

ስክሪኑ ጠፍቶ ኪስ ውስጥ የዋለ ስልክ ማታ ሲታይ ባትሪው አልቆ የሚገኘው፣ ባትሪው ባያረጅም፣ አንድ መተግበሪያ ከጀርባ ሆኖ እንዳይተኛ ስለያዘው ሊሆን ይችላል። አንድሮይድ ላይ ይህ መያዣ ዌክ ሎክ ይባላል። መተግበሪያው ሥራውን ጨርሶ ካልለቀቀው ስልኩ ነቅቶ ያድራል።

ጉግል ፕሌይ ይህን ችግር ለረጅም ጊዜ የሚነግረው ለመተግበሪያው ሠሪዎች ብቻ ነበር። ከሳምሰንግ ጋር ሆኖ ባዘጋጀው አዲስ መለኪያ ግን ከየካቲት 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ችግሩ ቅጣትም ያስከትላል። ስክሪኑ ጠፍቶ ሳለ በ24 ሰዓት ውስጥ ተደማምሮ ከ2 ሰዓት በላይ ስልኩን ያነቃ መተግበሪያ ከልክ አልፏል ይባላል። በ28 ቀናት ውስጥ ከአጠቃቀሙ ከ5 በመቶ በላይ እንዲህ ከሆነ፣ መደብሩ ለሰው ከሚጠቁማቸው መተግበሪያዎች ሊያወጣው፣ ገጹም ላይ ማስጠንቀቂያ ሊለጥፍበት ይችላል። ሙዚቃ ማጫወትና ተጠቃሚው ራሱ ያዘዘው ፋይል ማውረድ አይቆጠሩም፤ ተገቢም ነው።

አፕል ገና ከመነሻው፣ መተግበሪያው ለሕዝብ ሳይቀርብ ይመረምራል። ደንቡ ባትሪ በፍጥነት የሚጨርስና ስልክ የሚያግል መተግበሪያን ይከለክላል፤ ከጀርባ ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) ማምረትንም እንዲሁ።

ባሕር ዳር ላይ ነገሩ ከምቾት ያለፈ ነው። 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣና በለስ ከሐይቁ ውኃ እየወሰደ ቢሠራም፣ ከተማዋ ውስጥ መብራት ይጠፋል። ወደ ዘጌ ተሳፋሪ ይዞ ለሚቀዝፍ ጀልባ ነጂም ሆነ ለባጃጅ ሹፌር ስልኩ ቦርሳው ጭምር ነው፤ ሒሳብ የሚቀበለው በቴሌብር ነውና ባትሪው ሲያልቅ ገንዘቡም አብሮ ይዘጋበታል።

የመደብሮቹ ጥበቃ ግን እዚህ የሚደርሰው ተሸራርፎ ነው። መተግበሪያውን ከጓደኛው በዜንደር የተቀበለ ወይም ሞባይል ቤት ያስጫነ ሰው ማስጠንቀቂያ ያለበትን ገጽ አያየውም። ሠሪው ስህተቱን ቢያርምም እርማቱ የሚመጣው በአፕዴት ነው፤ ዳታ ለመቆጠብ አፕዴት ያጠፋ ሰው አሮጌውን ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ደንቡ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ ይበልጥ የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች ዘግይቶ ያገኛቸዋል የሚል እምነት አለኝ።

ለእነሱ ቅርብ የሆነው መፍትሔ ስልኩ ውስጥ አለ፦ ሴቲንግ ውስጥ ባትሪ የሚለው ገጽ የትኛው መተግበሪያ ምን ያህል እንደበላ ያሳያል፤ ከጀርባ እንዳይሠራም እዚያው መገደብ ይቻላል። የተገደበ የመልእክት መተግበሪያ ግን መልእክት ሊያዘገይ ይችላል።